ቀኑን አትንኩ

ሯጮቹ ዛሬ እየተራመዱ ወረዱ።

ሁልጊዜ ጠዋት በሱቃችን በር የሚያልፉ ልጆች ናቸው። ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ባሕር ዛፍ ገብተው የእንጦጦን ጀርባ ይዘው ይሮጡና፣ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ወደ ላምበረት ይመለሳሉ። ሱቃችን ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ሲያልፉ ቀና ብዬ ሳላይ አውቃቸዋለሁ፤ የጫማቸው ድምፅ ከተሸካሚዎቹ ጩኸት ይለያል። ዛሬ ድምፅ አልነበረም። ቀና ስል ቱታቸው ላይ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ እግራቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ።

ከፊት አየለች ነበረች። አንገቷ ላይ የአሠልጣኛቸው የጋሽ ማንደፍሮ የሩጫ ሰዓት ተንጠልጥሏል። ያ ሰዓት ሌላ አንገት ላይ ከታየ ሌላ መርዶ ነጋሪ አያስፈልግም።

“መቼ?” አልኳት።

“ሊነጋጋ ሲል። ስኳሩ ነው።” በሩን ተደግፋ ቆመች። “ቀብሩ ከሰዓት ነው። የሕይወት ታሪካቸውን ታይፕ አድርጊልን፣ ፍሬ። እህታቸው ናቸው ያስጻፉን። ድንኳኑን አይተን እንመለሳለን።”

የታጠፈ ወረቀት ሰጥታኝ ልጆቹን አስከትላ ሄደች። እኔም ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ። ተወለዱ። ትምህርታቸውን ተከታተሉ። ለክለብ ሮጡ፤ ጉልበታቸው ሲታመም አሠልጣኝ ሆኑ። ብዙ ወጣቶችን አፈሩ። ሰው አክባሪ፣ ታጋሽና ትሁት ነበሩ።

ታጋሽ የሚለውን እቀበላለሁ። ትሁት የሚለውን ያስጻፈ ሰው ግን ወይ ጋሽ ማንደፍሮን አያውቃቸውም፣ ወይ እህታቸው ነው። ሰውዬው ትሁት አልነበሩም። አስቸጋሪ፣ ነዝናዛ፣ ሁሉ ነገር ውስጥ ካልገባሁ ባይ ነበሩ። እኔ የማውቃቸው ማንደፍሮ እዚያ ወረቀት ላይ የሉም። ስለዚህ እዚህ ልጻፋቸው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤቴ አላስገባ ሲለኝ ነው ይህን ሱቅ የያዝኩት። ሱቁ የእትዬ አስካለ ነው። ፎቶ ኮፒ እናደርጋለን፣ ታይፕ እናደርጋለን፣ ስልክ ላይ ሙዚቃ እንጭናለን፣ የተበላሸ ኮምፒውተር እናስነሳለን። የመጨረሻው የእኔ ሥራ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ እየነካካሁ ነው የለመድኩት። መነካካት እወዳለሁ። ቁጭ ብሎ ማሰብ ያሳክከኛል።

ጋሽ ማንደፍሮ መጀመሪያ የመጡት መታወቂያ ኮፒ ሊያደርጉ ነበር። ኮፒው ጠቁሮ ወጣ። ወረቀቱን ቀየርኩ፣ መስታወቱን ወለወልኩ፣ ቀለሙን ቀነስኩ፤ ሁሉንም ባንዴ። ሁለተኛው ጥርት ብሎ ወጣ። ስሰጣቸው አልተቀበሉኝም።

“ምኑ ነበር?” አሉ።

“የቱ?”

“ጥፋቱ ነዋ። ወረቀቱ ነው፣ መስታወቱ ነው፣ ቀለሙ?”

“ጋሼ፣ ወጣልዎት አይደል?”

“ነገ ሲጠቁርብሽ ሦስቱንም ልትደግሚ ነው? አንድ ነገር፣ አንዴ።”

ከኋላቸው ወረፋ የያዘው ሰው እያጉረመረመ፣ ቀለሙን ወደ ነበረበት አስመለሱኝ፣ የድሮውን ወረቀት አስገቡኝ፣ አንድ በአንድ አስሞከሩኝ። መስታወቱ ነበር። የሰው ጣት አርፎበት። “ይኸው” ብለው ኮፒያቸውን አጣጥፈው፣ ጦርነት እንዳሸነፈ ሰው ደረታቸውን ነፍተው ወጡ። ይህ ሰውዬ ያመዋል አልኩ በልቤ።

ሯጮቻቸውን የሚይዙት በዚሁ መንገድ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ልጅ አዲስ ጫማ አድርጎ፣ ቁርሱን ደግሞ ከዳቦ ወደ በሶ ቀይሮ ወጣ። ሲመለሱ ጎኑን ይዞ ያነክሳል። ጋሽ ማንደፍሮ እኛ በር ላይ አቆሙት።

“ጫማው ነው፣ በሶው?”

“እኔ አላውቅም፣ ጋሼ።”

“አታውቅም። እኔም አላውቅም። አሁን ሁለታችንም መሃይም ሆንን። ነገ በአሮጌው ጫማ፣ በበሶ። ከነገ ወዲያ በአዲሱ ጫማ፣ በዳቦ።”

“ተነገ ወዲያ እኮ እረፍት ነው።”

“በሶውን ስታማስል ነበር እረፍትህ።”

ልጆቹ ይቀልዱባቸዋል። “ጋሼ ቤት ቀይረው ስለነበር ነው ያን ዓመት ያላገቡት” ይላሉ። እሳቸውም ይሰማሉ፤ ቅር አይላቸውም። “ታዲያ ቤቱ ቢያፈስ ሚስቴን ልጠረጥር?” ይላሉ።

ሌላም አመል ነበራቸው። የተፈታ የጫማ ክር ማየት አይችሉም። መንገድ መሃል ይሁን፣ ገበያ መሃል፣ ያንኑ የታመመ ጉልበታቸውን መሬት ላይ ጥለው የልጁን ክር ራሳቸው ያስራሉ። ድርብ ቋጠሮ። የእኔንም አንዴ ደንበኛ ፊት አስረውልኛል። “ይነሱ ጋሼ፣ ሰው ያያል” ብላቸው፣ “ወድቀሽ ከሚያይሽ ይሻላል” አሉኝ። ያን ጊዜ አፍሬ ነበር። አሁን ክሬ ሲፈታ ቶሎ አላስረውም።

ወደ ቀበቶው ልምጣ።

ውጭ አገር ሄዶ የሮጠ የድሮ ተማሪያቸው ነው ያመጣላቸው። ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ ነው። ሯጩ ከተነሳ ጀምሮ እስኪቆም ልቡ እንዴት እንደመታ፣ እግሩም እንዴት እንደረገጠ ይይዛል። አሮጌ ስለሆነ ስልክ አይቀበለውም፤ ከኮምፒውተር ጋር ብቻ፣ ያውም አብሮት በመጣው ፕሮግራም፣ በብሉቱዝ ነው የሚያወራው። የሱቁ ዴስክቶፕ ላይ ጫንኩላቸው፣ ጥፍር የምታህል የብሉቱዝ መሰኪያም ሰካሁለት። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው የሱቁ ዕቃ ሆኑ። ቀበቶውን ይዘው ይመጣሉ፣ ፕሮግራሙን እከፍታለሁ፣ የሰው ልብ ቀይ መስመር ሆኖ እስክሪኑ ላይ ይሰመራል። እሳቸው መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ፣ “እዚህ ጋ ሰነፍክ፣ እዚህ ጋ ተናደድክ” ይላሉ። ልጆቹ ጠንቋይ ያዩ ይመስላቸዋል።

ቀበቶው አንድ ሩጫ ብቻ ነው የሚይዘው። አዲስ ሩጫ ሲጀመር የቀደመው ይጠፋል። ባትሪው ሲያልቅም፣ ሲቀየርም ይጠፋል። ይህን ያዙልኝ።

ቅዳሜ ነበር። አየለች ያኔ ከከንባታ መጥታ ኮተቤ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ብዙ የማታወራ፣ ጥርሷን ነክሳ የምትሮጥ ልጅ ነበረች። በማግሥቱ ደብረ ብርሃን ላይ የክለብ መምረጫ ውድድር አለ። ከተመረጠች ደሞዝ አለ፣ መኝታና ምግብ አለ። ካልተመረጠች አጎቷ “እስካሁን ታገስኩሽ፣ ነይና አግቢ” ብሏታል። ሯጮቹን የሚወስደው ሚኒባስ እኩለ ቀን ላይ ከመናኸሪያው ይነሳል። እነሱ ሱቅ የገቡት ረፋዱ ሊያልቅ ሲል ነው።

የአየለች ጉልበት ተልጧል፣ መዳፏ አፈር ነው። ጋሽ ማንደፍሮ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ገልብጠው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ኮፍያው ከተገለበጠ ቀልድ የለም።

“ክፈቺው” አሉኝ።

“ምን ሆነች?”

“ወደቀች። ለማፍታታት በወጣችበት፣ ሕፃን በሚሮጠው ሩጫ።”

“ሥር ጠልፎኝ ነው አልኩ እኮ” አለች አየለች። “የባሕር ዛፍ ሥር። ስንቴ ልንገርዎት?”

“እጇ ደረቷ ላይ ነበር” አሉ፣ እሷን ሳይሆን እኔን እያዩ። “ሥር የጠለፈው ሰው እጁን ወደ መሬት ነው የሚሰድደው።”

“ወደ መሬትም ሰድጃለሁ። ይኸው መዳፌ።”

“የቱን አስቀደምሽ?”

መዳፏን ጨብጣ ወደ ኋላ ደበቀችው።

ነገሩ ገባኝ። ሥር ከሆነ ትሄዳለች። ልቧ ከሆነ አትሄድም። የሚያውቀው ቀበቶው ብቻ ነው። ቀበቶውን ከደረቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ስታኖረው ደግሞ ላዩ ላይ ያለችው ትንሿ መብራት ቀይ ትላለች። ባትሪው እያለቀ ነው።

ፕሮግራሙን ሁለቴ ነካሁት። ሰማያዊ ምልክቱ መጣ፣ መስኮቱ ብልጭ አለ፣ ጠፋ። “ሥራ አቁሟል” የምትል ሳጥን በእንግሊዝኛ ወጣች። ዘጋኋትና ደገምኩ። ብልጭ፣ ጥፍት። ሪስታርት አደረግኩት። የእኛ ዴስክቶፕ ጠፍቶ እስኪነሳ ሰው ያረጃል። አየለች ከበሩ ወደ መናኸሪያው ታያለች፣ ጋሽ ማንደፍሮ ቀይዋን መብራት ያያሉ። ተነሳ። ነካሁት። ብልጭ ብሎ ጠፋ።

“ረቡዕ ሲሠራ ነበር እኮ” አልኩ። “አቦ፣ አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው። ፍላሹ መሳቢያ ውስጥ ነው።”

እጄ ማጥፊያው ላይ ደርሶ ነበር። ጋሽ ማንደፍሮ ማውሱን ከነእጄ ያዙት።

“እንደ አዲስ ሲጫን ቀበቶውን ያውቀዋል?”

“እንደ አዲስ ይተዋወቃሉ።”

“መጀመሪያ የተዋወቁ ቀን ምን አደረገ?”

አስታወስኩ። መጀመሪያ የጫንኩት ቀን ቀበቶውን ባዶ አድርጎ ነበር የጀመረው። ያ የድሮ ተማሪያቸው በውጭ አገር የሮጠው የመጨረሻ ሩጫ ውስጡ ነበር፤ ጠረገው። እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ።

“አንድ ነገር፣ አንዴ” አሉ። ልመታቸው ነበር የፈለግሁት።

እንደ ቃላቸው ሄድን። መሰኪያዋን ከፊት ነቅዬ ከኋላ ሰካኋት። ጠፋ። “እሷ አይደለችም፣ ወደ ቦታዋ መልሻት” አሉ። አንቲ ቫይረሱን ለጊዜው አስተኛሁት። ጠፋ። “ቀስቅሺው፣ እሱም አይደለም።” በሌላ መንገድ፣ እንደ ኮምፒውተሩ ባለቤት ሆኜ ልክፈተው ብዬ ሞከርኩ። ጠፋ። እሳቸው ደግሞ ኮፍያቸውን አንስተው ኮምፒውተሩን ማራገብ ጀመሩ።

“ምን እያደረጉ ነው?”

“ሞቆት ይሆናላ።”

“ጋሼ፣ እሱ ዳገት አልወጣም።”

አየለች ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ፊቷን መልሳ አጠቆረች። ኮፍያው ተመልሶ ተገለበጠ።

“መሰኪያዋን ጨርሰሽ ንቀያትና ክፈቺው” አሉ።

“ያለ ብሉቱዝ እንዴት ይሠራል?”

“አይሥራ። አሟሟቱን ልየው።”

ነቀልኳት። ከፈትኩ። ያው ብልጭ፣ ያው ጥፍት፣ ያችው ሳጥን።

“በይ እንግዲህ” አሉ። “ቀበቶው አይደለም። ብሉቱዙም አይደለም። ሁለቱም በሌሉበት እየሞተ ነው። ጎረቤት አትክሰሺ፤ በሽታው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው።”

እውነት ነበር። እኔ እስከዚያ ድረስ መሰኪያዋን ነበር ስረግም የቆየሁት።

“ጋሼ፣ ሚኒባሱ” አለች አየለች። “ጥለውኝ ይሄዳሉ። ምንም አልሆንኩም። ይዩኝ፣ ይኸው” ብላ እዚያው ሱቁ ውስጥ መዝለል ጀመረች።

“ቁጭ በይ!”

ሲጮኹ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ቁጭ አለች። የቀበቶዋ መብራት ቶሎ ቶሎ እልም ቦግ ማለት ይዛለች።

“ረቡዕ ሠርቷል” አሉ ድምፃቸውን መልሰው። “ከረቡዕ ወዲህ ምን ተነካ?”

“ምንም።”

“ምንም የሚባል የለም። አስቢ።”

“አዲስ ነገር አልጫንኩም። ኢንተርኔት የለንም፣ በራሱ የሚያመጣው ጣጣ የለም። እትዬ አስካለ አይነኩትም።”

“ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰውስ?”

“ከእኔ ሌላ ማን ይቀመጣል...” ብዬ ሳልጨርስ አየኋቸው። “እርስዎ። ሐሙስ ዕለት። እኔ ቀለም ልገዛ መገናኛ ስሄድ የወረዳውን ደብዳቤ ራሴ እጽፋለሁ ብለው ተቀመጡ።”

“ደብዳቤ ነው የጻፍኩት።”

“ሌላስ ምን ነኩ?”

ዓይናቸው ወደ እስክሪኑ የታችኛው ጥግ ሄደ። እኔም ዓይናቸውን ተከትዬ አየሁ። ሰዓቱ አለ፤ ከሥሩ ቀኑ። ቀኑ ልክ ነበር። ዛሬ ስንት ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ የምነግራችሁ ቀን፣ ወሩም፣ ዓመተ ምሕረቱም።

ልክ መሆኑ ነው ጉዱ። ኮምፒውተር እኮ በእኛ አቆጣጠር አይኖርም። ሁለት ቀን ሙሉ ፊቴ ተቀምጦ ዓይኔ ያላየው ልክ ስለሆነ ነው።

“ቀኑን ነክተዋል፣ ጋሼ?”

ኮፍያቸውን አነሱ። ሊያደርጉት ብለው መልሰው አስቀመጡት።

“ደብዳቤው ላይ የፈረንጅ ቀን እየመጣ አስቸገረኝ” አሉ። “ስሰርዘው ይመጣል፣ ስሰርዘው ይመጣል። ወረዳዎቹ ደግሞ መልሰው ይሰዱኛል። እዚህ ጥግ ነካሁና በእኛ አደረግሁት። ደግሞስ ላምበረት ተቀምጦ በሰው አገር ቀን መኖር ምን ይሉታል ብዬ...” አቋረጡት። ወደ አየለች ዞሩ። “እኔ ነኝ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ።”

አንድ ነገር አንዴ እያሉ ላምበረትን ያደነቆሩ ሰውዬ። ሌላ ቀን ቢሆን ዓመት የሚበቃ ቀልድ ይወጣው ነበር። ማንም አልቀለደም።

ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው የመጨረሻውን ሩጫ ነው። የረቡዕ ሩጫ የተቀመጠው በፈረንጅ ቀን ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ በእኛ ቀን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ብድግ ሲል ገና ከስንት ዓመት በኋላ የሚሮጥ ሩጫ ተሮጦ ጠበቀው። ይህን የሚችልበት ጭንቅላት የለውም። ሞተ።

ቀኑን መለስኩ። ሌላ ምንም አልነካሁም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነካሁ። መሰኪያዋን ሰካሁ። ሁለቴ ነካሁት። ሰማያዊ ምልክቱ መጣ። መስኮቱ ተከፈተ። ቆመ።

ቀበቶውን ፈለገ። አገኘው። የመጫኛው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሙላት ጀመረ፤ እንደ ሽማግሌ ነው የሚሄደው። መብራቷ ጠፋች። መጣች። መሃል ላይ ሲደርስ ደግሞ ጠፋች፤ ቆየች፤ መጣች። አየለችን ዞሬ አየኋት። ዓይኗ መብራቷ ላይ ነው፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እንድትበራ ይሁን እንድትጠፋ የምትጸልየው፣ ያኔም አልጠየቅኳትም፣ እስከ ዛሬም አልጠየቅኳትም። መስመሩ ሞላ። መብራቷ ከዚያ በኋላ አልበራችም።

ቀዩ መስመር ወጣ። መጀመሪያው ሜዳ ነው፣ የረጋ። ዳገቱ ጋ ቀስ እያለ ይወጣል። ከዚያ ያለ ምክንያት ሽቅብ ተተኮሰ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ተርገፈገፈ። ከሥሩ የእርምጃዋ መስመር አለ። እርምጃዋ ያኔም እየሄደ ነበር። የተቋረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሽ ማንደፍሮ ሁለት ጣታቸውን እስክሪኑ ላይ አኖሩ። “ልብሽ እዚህ። እግርሽ እዚህ።” በጣቶቹ መሃል ትንሽ ቦታ ነበረች። “ሥር አይደለም።”

“ማሽን ነው” አለች አየለች። ተነስታለች። “አሁን ተበላሽቶ አልነበር? ቀን አበላሽተውበት አልነበር? ይሄም ስህተት ቢሆንስ? እርስዎ ተሳስተው እኔ ልቅር?”

እውነቷን ነው አልኩ በልቤ። እኔም ብሆን የምለው ይህንኑ ነው። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተቆጡም።

“ሊሆን ይችላል” አሉ። “ሐኪም አይደለሁም። ተሳስቼም ይሆናል። የሐሙሱን ስህተቴን ፍሬ አሁን በአንድ ጣቷ መለሰችው። በአንቺ ብሳሳት በየትኛው ጣቴ ልመልሰው?”

ቦርሳዋን ነጥቃ ወጣች። በሩ ላይ የተሰቀለውን የሙዚቃ ማስታወቂያ ገጭታ አወዛወዘችው፤ ዞራ አላየችም።

ጋሽ ማንደፍሮ ሁለት እርምጃ ተከትለው ጉልበታቸውን ይዘው ቆሙ። “አትሚው” አሉኝ። ቀዩ መስመር ያለበትን ገጽ አተምኩ። “ሩጪ። ስጫትና ተመለሺ። ውረጂ እንዳትያት።”

“ለምን አልላትም? ትሄዳለች እኮ።”

“የተላክሽው አንድ ነገር ነው።”

ሮጥኩ። እኔ ሯጭ አይደለሁም፤ ለታክሲ እንኳ አልሮጥም። በጆንያና በሻንጣ መሃል፣ “አንቺ፣ ዓይን የለሽም?” በሚሉ ተሸካሚዎች መሃል ሮጥኩ። ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቷል። አየለች መስኮት ጋ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ወረቀቱን በመስኮቱ አቀበልኳት፤ ከዚያ አፌን ዘግቼ ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም።

“ምን አሉ?” አለችኝ።

“ስጫት አሉ።”

“ትውረድ አላሉም?”

“አላሉም።”

ወረቀቱን አየች። ጣቶቿን እንደ እሳቸው አድርጋ መስመሮቹ ላይ አኖረች፣ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። ቆሜ አየሁት። መውጫው በር ጋ ደርሶ፣ ከፊቱ የቆመ አውቶብስ እስኪያልፍ ሲጠብቅ፣ የጎኑ በር ተከፈተ። አየለች ወረደች። ከውስጥ የሚጠሯትን አልመለሰችላቸውም።

ሱቅ ስንደርስ ጋሽ ማንደፍሮ በሩ ላይ ቆመዋል። ጎበዝ አላሏትም፣ አይዞሽ አላሏትም። የጫማዋ ክር ተፈትቶ ነበር። ተንበረከኩ።

ሐኪም ቤት ሄደች፤ ሐኪሞቹ የልቧን ምት አይተው ሩጫ በቃሽ አሏት፤ መድኃኒት ጀመሩላት። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ አየለች አላመሰገነቻቸውም። ለረጅም ጊዜ ስታያቸው መንገድ ትቀይር ነበር። አገሯ ገብታ ተመለሰች፤ አጎቷን ምን እንዳለችው አታወራም። አንድ ጠዋት ዝም ብላ መጥታ ከልጆቹ ጋር ዳገቱ ሥር ቆመች። እሳቸውም ዝም ብለው ቀበቶውን ሰጧት፤ ለሌላው እንድታስር። ከዚያ ወዲህ ልቡ ያልታየ ልጅ በእሷ በኩል አያልፍም። እንደ እሳቸው ነዝናዛ ወጥቷታል።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ባለው ሰኞ ደግሞ ጋሽ ማንደፍሮ ፕላስተርና በእጃቸው የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ይዘው መጡ። ሳይጠይቁኝ እስክሪኑ ግርጌ፣ ቀኑ ካለበት ጥግ ሥር ለጠፉት። “ቀኑን አትንኩ። ማንደፍሮም ቢሆን” ይላል። ደንበኞች “ማንደፍሮ ማነው?” ሲሉ፣ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ “አንድ ሞኝ ነው፣ አታውቁትም” ይላሉ።

አየለች አሁን ከልጆቹ ጋር ተመለሰች። ያተምኩትን ቆማ አነበበች።

“ትሁት?” አለች።

“እህታቸው ናቸው ያሉት።”

“ተይው በቃ። አንድ ቀን እንኳ ይሁኑ።” ልጆቹ ሳቁ፤ ከዚያ አንዱ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

አየለች ወደ ወረቀቱ ግርጌ ወረደች። “ቀኑ በፈረንጅ ነው፣ ፍሬ። መቃብራቸው ላይ በፈረንጅ ቀን ይነበብ? ከሣጥኑ ነው የሚነሱት።”

ስሰርዘው ተመልሶ መጣ። ደግሜ ሰረዝኩት፤ መጣ። ሰው ቆሟል፣ ቀብሩ ደርሷል፣ እጄ በለመደው ወደ ጥግ ሄደ። ወረቀቷ እዚያ አለች። ፕላስተሩ ጠርዙ ላይ ጠቁሯል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል። አየለችም አብራኝ አነበበችው።

የቀኑን ቦታ በባዶ ነጭ ወረቀት ሸፍኜ ኮፒ አደረግኩት። አየለች እስክሪብቶ ተቀብላኝ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብላ፣ በእያንዳንዱ ኮፒ ግርጌ ቀኑን በእጇ ጻፈችው፤ በእኛ።

እኔ ጥጉን አልነካሁም።